ለንብ የዘራነው አደይ

መርሳ የገባሁት ከወልዲያ ተድሬ ነው። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ደሴና ወልዲያ መካከል ሲመላለስ በሳምንት ሁለት ቀን ቤቱ ካደረ ብዙ ነው። ቀሪውን ጊዜ ቤት ውስጥ የምንውለው እኔና አማቼ፣ የባለቤቴ አባት፣ ነበርን።

አማቼ የጉባ ላፍቶ ደጋ ገበሬ ነበሩ። ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ ልጃቸው «ብቻዎን አይሆንልዎትም» ብሎ፣ መሬታቸውን ለወንድማቸው አስተዋቸውና ወደ መርሳ አወረዳቸው። ከአገራቸው ይዘው የወረዱት አንድ ጋቢ፣ አንድ ምሳርና ሁለት የንብ ቀፎ ነው። ቀፎዎቹን ልጃቸው አፋቸውን በጨርቅ ወትፎ በመኪናው አመጣቸው። መንገዱን ሙሉ ንቡ ከኋላው ሲጮህ ሌላ ሞተር የተነሣ ይመስለው እንደነበር እየሳቀ ነገረኝ። እሳቸው አልሳቁም።

የመርሳ ሙቀት አልተስማማቸውም፤ ሰውም አልለመዱም። ጓሮ ከቀፎዎቹ አጠገብ በርጩማ ላይ ይቀመጡና ንቡ ሲወጣና ሲገባ ሲያዩ ይውላሉ። ገና ዓመት ሳይሞላቸው አንደኛው ቀፎ ኮበለለ። አንድ ጧት ንቡ ተግተልትሎ ወጣ፤ ከሰፈሩ ዋርካ በላይ ዞረና ወደ ተራራው ሄደ። አማቼ ተነሥተው ከዓይናቸው እስኪጠፋ አዩትና «አደይ አጥቶ ነው» አሉ።

«ምን አሉ፣ አባባ?»

«ደጋ ላይ ክረምቱ ሲወጣ ድንበሩም ገደሉም አደይ ይለብሳል። ንብ የዓመት ስንቁን የሚይዘው ከዚያ ነው። እዚህ ሜዳው ጤፍና ማሽላ፤ አደይ ብቅ ቢል እንኳ አራሚ ይነቅለዋል። ታዲያ ምን ይዞት ይቀመጥ?» ጓሮውን በዓይናቸው ለኩና «እንዝራው» አሉ።

አደይ የሚዘራ ሰው በዚያ ቀን አየሁ። ለእኛ አገር ሰው አደይ እግዜር የዘራው ነው። ገበሬ ካየው ይነቅለዋል፣ ልጃገረድ ካየችው ትቀጥፈዋለች፤ ዘሩን ለቅሞ፣ መሬት አለስልሶ የሚጠብቀው ግን የለም። ባለቤቴ ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። ጓሮው ላይ ሁለት ክፍል ቤት ሊሠራበት አስቦ ነበር።

«አባቴ እኮ የስንዴ መሬቱን ትቶ መጥቶ አረም ሊያለማ ነው» አለኝ።

ማን አስተዋቸው ልለው ፈለግሁና ተውኩት። አባትና ልጅ በቀጥታ አይነጋገሩም ነበር፤ ሁለቱም የሚናገሩት በእኔ በኩል ነው። «አባቴን እንዲህ በይልኝ» ይላል አንዱ፤ «ለባልሽ ንገሪው» ይላሉ ሌላው፤ ያውም አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው።

እኔ አማቼን ለምን እንዳገዝኳቸው እውነቱን ልናገር። ለንብ አዝኜ አይደለም። ከተዳርኩ ሦስተኛ ዓመቴን ይዤ ልጅ አልወለድኩም። ቤቴ የሚመጡ ሴቶች መጀመሪያ ሆዴን፣ ቀጥሎ ፊቴን አይተው ነው ሰላምታ የሚሰጡኝ። ጓሮ ጎንበስ ብዬ አፈር ስፈረፍር ግን ማንም አይመጣብኝም። አማቼም ስለ ልጅ ጠይቀውኝ አያውቁም።

የመጀመሪያው ዓመት ሥራችን ከሸፈ። እዚያው ከመንገድ ዳር የለቃቀምነውን ፍሬ በበልግ ዘራነው፤ እኔም እንደ ባቄላ ጠለቅ አድርጌ ቀበርኩት። አንድም አልወጣ። በኅዳር አማቼ በልጃቸው መኪና እስከ ወልዲያ ሄደው፣ ከዚያ በእግራቸው ወደ አገራቸው ወጥተው አዲስ ፍሬ ለቀሙ። በአምስተኛው ቀን ሲመለሱ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ ነበር። ጋቢያቸው ጫፍ ላይ የቋጠሩትን ፈቱልኝ። ጠፍጣፋ፣ ጠቆር ያለ፣ ዳርና ዳሩ ላይ እንደ ክንፍ የሳሳ ነገር ያለው ፍሬ ነው። እፍ ቢሉት ይበራል።

«ይህን አትቀብሪውም» አሉኝ። «ሰኔ ላይ መሬቱን ጫር ጫር ታደርጊና ትበትኚዋለሽ፤ ከዚያ በእግርሽ ጠቅ ጠቅ ታደርጊዋለሽ። የቀረውን ዝናቡ ያውቃል።»

እንዳሉት አደረግሁ፤ በቀለ። ግን አብሮት ሙጃውም ሌላውም አረም በቀለና መለየት አቃተኝ። ጎበዝ ነኝ ብዬ ግማሹን መደብ አርሜ ስጨርስ አማቼ መጥተው ቆሙ። የነቀልኩትን ክምር በምርኩዛቸው ገለጥ ገለጥ አደረጉት።

«የነቀልሽው የኔን ነው» አሉ ረጋ ብለው። «ያስቀረሽው ሙጃውን ነው።»

አፍሬ መሬት ልገባ ደረስኩ። እሳቸው ግን ወደ ተረፈው መደብ ወስደው ቅጠሉን በጣቴ አስነኩኝ፤ እንዴት እንደተቆራረጠ፣ ግንዱ እንዴት እንደሚቀላ አሳዩኝ። ከዚያ ወዲህ ተሳስቼ አላውቅም።

መስከረም ሊጠባ ሲል ያ የተረፈው ግማሽ መደብ ቢጫ ሆነ። ንቡ ከጧት ጀምሮ ይፈስበት ነበር፤ ከቀፎው ውጪ እንዲህ ያለ የንብ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። አማቼ በርጩማቸውን ወደዚያ አዛወሩ። ግን የደስታችን ሳምንት አላለቀም፣ ጠብ መጣ። እንቁጣጣሽ ዕለት የሰፈሩ ልጃገረዶች እየዘፈኑ ሲመጡ አደዩን በአጥር ቀዳዳ አይተውት ኖሮ ሊቀጥፉ ገቡ። አማቼ ምርኩዛቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ።

«ይህ የንብ ነው! የናንተ ዘፈን ያለ አበባም ይዘፈናል!»

ልጆቹ ዘፈናቸውን አቋርጠው ወጡ። ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል፣ እንድንሰማ አድርጋ፣ «አበባ የሚሰስት ሽማግሌ ዛሬ ገና አየሁ» አለች። ከዚያ በኋላ በሰፈሩ ስማችን «አበባ ቆጣቢዎች» ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት እኔ በጓሮ በኩል ለልጆቹ እፍኝ እፍኝ ደብቄ ሰጠሁ። አማቼ አውቀው አላወቁም ሆኑ።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነን ኖርን። ቀፎው ጠና፤ ባዶው ቀፎም መንጋ ገባበት። በኅዳር የጽጌ ማር ቆረጥን። ባለቤቴ እንኳ ዝም ብሎ በላና «አባቴን፣ ማሩ ጥሩ ነው በይልኝ» አለ።

ከዚያ ክፉው ቀን መጣ።

ከሁሉ በፊት የነገረን አደዩ ነው ብል ውሸት አይሆንብኝም። የስልሳ አራቱ ክረምት ቶሎ ተቋረጠ፤ አደያችን ስንዝር ሳይሞላ አንዳንድ አበባ አወጣና ደረቀ። ማር አልቆረጥንም። አማቼ ንቡ እንዳይሞት በሶ በገበታ አድርገው ቀፎው አፍ ላይ ያስቀምጡለት ነበር። የበልጉ ዝናብ ሲቀር የመንገዱ መልክ ተለወጠ። መጀመሪያ አንድ ሁለት ሰው በራችንን አንኳኳ፤ ቀጥሎ ቤተሰብ ሙሉ መጣ፤ ግንቦት ላይ መንገዱ ዳር የሚሄደውንና የተቀመጠውን መቁጠር አይቻልም ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር እስከ መስጊዱ አጥር ሰው ተኝቷል።

ባለቤቴ ከመንገድ ሲመለስ እህል መቅመስ ተወ። አንድ ቀን እጁን ሳይታጠብ ተቀምጦ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አባቱ ዞሮ ተናገረ።

«ወደ ደሴ የሚሄደውና ወደ ወልዲያ የሚሄደው ውርጌሳ ላይ ይገናኛሉ። ይሄኛው ያኛውን ‹ከየት ትመጣለህ?› ይለዋል። ያኛው ‹ከወልዲያ›፤ ይሄኛው ‹ከደሴ›። ሁለቱም በመጡበት ምንም እንደሌለ ይነጋገራሉ። ከዚያ ምን ያደርጋሉ መሰልዎት? ሁለቱም መንገዳቸውን ይቀጥላሉ።»

አማቼ በማግስቱ በሶውን ለንብ መስጠት ተዉ። አደዩን ግን አልተዉም። ሰኔ መጀመሪያ ላይ አንድ ቀን ዝናብ ጣለ፤ እሳቸውም ቋጠሯቸው ውስጥ የቀረውን ፍሬ ሁሉ አስበተኑኝ። ሌላ ዘር የለንም። በቀለ። ዝናቡ ግን በዚያው ቀረ።

«ውሃ አጠጭው» አሉኝ።

«ከየት አምጥቼ፣ አባባ?»

«ዝናቡ እስኪመለስ ነው። ይህ ከሞተ ንቡም ሄደ፣ ዘሩም ጠፋ።»

ወንዙ ደርቆ አሸዋውን በእጃችን እየጫርን፣ ውሃው እስኪጠራ ጠብቀን በቅል ነበር የምንቀዳው። አንድ እንስራ ለመሙላት ግማሽ ቀን ይፈጃል። እኔ በቀን ሁለት እቀዳለሁ፤ አንዱ ለቤት፣ አንዱ ለአደይ። ባለቤቴ ታቹን በምስማር የበሳልኝ የዘይት ቆርቆሮ ነበረኝ፤ በእሱ አርከፈክፋለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ይህን እያደረግሁ ሰው እንዳያየኝ የአጥሩን ቀዳዳ በሣር ደፍኜዋለሁ። የማፍርበት ሥራ እንደሆነ ያን ጊዜም አውቀው ነበር ማለት ነው።

አንድ ጧት አጠጥቼ ጨርሼ ቆርቆሮውን ስሰቅል፣ ሳልዘጋው በተውኩት በር አንዲት ሴት ገባች። እድሜዋ የኔን ያህል ነው። ሻሿ አቧራ ለብሶ ቀለሙ አይለይም።

«አሰላሙ አለይኩም፣ እቴ። ለአላህ ብለሽ፣ ጉሮሮ ማርጠቢያ ውሃ።»

ለአደዩ የቀዳሁበት እንስራ ባዶ ነበር። የቤቱ እንስራ ግን ውስጥ ነበረ፤ ሙሉ ነው። ባለቤቴ በዚያ ቀን ይመጣል፤ እንደገና ወንዝ ለመውረድ ደግሞ ጉልበት አልቀረኝም። ይህን ሁሉ አሰብኩ ማለት አልችልም፤ ከአፌ የወጣው ብቻ፣

«የለም» ነው።

ሴትየዋ አልለመነችኝም። ዓይኗ ከኔ አልፎ ከኋላዬ መደቡ ላይ አረፈ። አፈሩ ጠቁሮ፣ ገና ርሶ፣ ትንንሾቹ ቅጠሎች ላይ ጠብታ ይታያል። ረጅም ጊዜ አየችው።

«መሬቱስ ጠጥቷል» አለችና ወጣች።

ተከትያት መሄድ ነበረብኝ፤ አልሄድኩም። ገብቼ የሞላውን እንስራ አየሁት። ከዚያ ጭልፋ ሙሉ ቀድቼ ስወጣ መንገዱ ላይ የለችም። ያን ቀን ምንም አልሠራሁም። ባለቤቴ መጥቶ ሲጠይቀኝ ራሴን አሞኛል አልኩት።

በማግስቱ በቅል ውሃ ይዤ ፍለጋ ወጣሁ። ያገኘኋት በመስጊዱ አጥር ሥር ነው። ብቻዋን አልነበረችም፤ አንዲት አሮጊት ጭኗ ላይ ተኝተው ነበር። እናቷ ናቸው። ትናንት ከአጥራችን ውጪ ድንጋይ ላይ አስቀምጣቸው ነበር የገባችው። ውሃውን የፈለገችው ለእሳቸው ነው።

ቅሉን ዘረጋሁላት። ተቀብላ በጣቷ እየነከረች የእናቷን ከንፈር አረጠበች። አሮጊቷ መዋጥ አቅቷቸው ውሃው በጉንጫቸው ላይ ወረደ።

«ቤቴ ውሰጃቸው፤ እንውሰዳቸው» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። አወቀችኝ። ተነሥታ እናቷን በአንድ ወገን ያዘች፣ እኔ በሌላው ያዝኩ። ምንም ክብደት አልነበራቸውም።

አማቼ በሩ ላይ አገኙን። አሮጊቷን ቤት አስገብቼ ካስተኛሁ በኋላ ጓሮ ወጥቼ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ «የለም» ያልኩትንም፣ ሴትየዋ ያለችውንም። በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ሰሙኝ። ጥፋቱን ሊካፈሉኝ ይችሉ ነበር፤ «እኔ ነኝ ያዘዝኩሽ» ቢሉኝ ይቀለኝ ነበር። አላሉም። ተነሡ፤ ቆርቆሮዋን ከተሰቀለችበት አውርደው በድንጋይ ጨፈለቋት።

«ከዛሬ ወዲያ ውሃው ለሰው ነው» አሉ። «ጭስ አምጪልኝ።»

እበት አቀጣጥዬ አመጣሁ። ሁለቱንም ቀፎ ከፈቱ። ማሩ ንቡ ራሱ ሊቆይበት ያስቀረው ጥቂት ነገር ነው፤ እንደ ባቄላ ቅጠል የሳሳ የማር እንጀራ። ከዚያ ላይ መቁረጥ ንቡን ሂድ ማለት እንደሆነ ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። ሁሉንም ቆረጡት። በውሃ በጥብጠን መጀመሪያ ለአሮጊቷ በማንኪያ ሰጠን፤ የቀረውን እሳቸው ራሳቸው በእንስራ ይዘው ከበራችን ጀምሮ መንገዱ ዳር ለተቀመጡት አንድ አንድ ጉንጭ እየሰጡ ሄዱ። መስጊዱ ጋ ሳይደርሱ አለቀ።

በሦስተኛው ቀን ንቡ ወጣ፤ ሁለቱም ቀፎ በአንድ ቀን። አማቼ ከቤት አልወጡም ነበር፤ ድምፁን ሰምተው «ሄደ?» ብለው ጠየቁኝ። «ሄደ» አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

አሮጊቷም በዚያው ሳምንት ሞቱ። ማሩ ለሁለት ቀን ዓይናቸውን አስከፍቷቸው ነበር፤ ልጃቸውን በስሟ ጠርተው አነጋገሯት። ከዚያ ተቅማጥ ያዛቸውና አለቁ። ባለቤቴና የሰፈሩ ሰው ከመስጊዱ ወንዶች ጋር ተሸክመው ቀበሯቸው። በዚያ ቀን ከእሳቸው ሌላ አራት ሰው ተቀብሯል። ከቀብር ሲመለስ ባለቤቴ አባቱ አጠገብ ቁጭ አለ። ከባዶዎቹ ቀፎዎች አንዱ ክዳኑ ወልቆ መሬት ላይ ወድቆ ነበር፤ አንሥቶ ወደ ቦታው መለሰው።

«ክረምቱን ካወጣን ከአገር ቤት መንጋ አመጣልዎታለሁ፣ አባዬ» አላቸው።

«እስቲ ክረምቱን እናውጣ» አሉት።

ያ ውሃ በዚያች ጧት ቢደርሳቸው አሮጊቷ ይተርፉ ነበር ወይ? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። ባለቤቴን ስጠይቀው «ከርሃብ ነው እንጂ ከአንድ ጭልፋ ውሃ አይደለም» ይለኛል። ምናልባት እውነቱን ነው። ግን እሱ ያን ርጥብ አፈር አላየም።

ሴትየዋ እኛ ዘንድ ክረምቱን ከረመች። ከመርሳ በታች፣ በምሥራቅ ካለው ቆላ ነበር የመጣችው፤ ባሏ ሥራ ፍለጋ ከወጣ ወዲህ ወሬው የለም። አብረን ውሃ ቀዳን፣ አብረን ያለንን ቆጥበን በላን። ለእሷ የሚታረድና ለእኛ የሚታረድ ነገር ስላልነበረ በሥጋ ጣጣ እንኳ አልተቸገርንም። ስለዚያ ጧት ግን አንድም ቀን አንሥተን አናውቅም። ይቅር በይኝ ልላት እነሣለሁ፤ ከዚያ እሷ ስትዞር ሌላ ነገር አወራለሁ።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ ተመለሰ። የተውነው አደይ አብዛኛው ሞቷል፤ የአጥሩ ጥላ ያረፈበት ጥግ ላይ ጥቂት ተርፎ ኖሮ ተነሣ። ማንም አላረመው፣ ማንም አልጠበቀው። መስከረም ላይ አበበ። ንብ አልነበረንም፤ ትንንሽ ቢራቢሮዎችና እኛ ደንቆሮ የምንላቸው ዝንቦች ብቻ ሲያርፉበት አያለሁ። አማቼ ወደዚያ ጥግ አልሄዱም። ልጃገረዶቹ በዚያ እንቁጣጣሽ አልዘፈኑም። ጥቅምት ላይ ፍሬው ሲደርስ እኔና ሴትየዋ ለቀምነው፤ አንድ ጭብጥ እንኳ አልሞላም።

«ይህን ደግሞ ምን ታደርጉታላችሁ?» አለችኝ።

«ሰኔ ላይ እንዘራዋለን። ለንብ።»

«ንቡ የታለ?»

«አማቼ ይመጣል ይላሉ።»

ፍሬውን መዳፏ ላይ አድርጋ አየችው፤ ከዚያ ወደ ቋጠሮው ጨመረችው። በሳምንቱ ባለቤቴ በመኪናው ወስዶ አገሯ መገንጠያ ላይ አወረዳት።

ከአገሯ የሚመጣ ገበያተኛ ሳገኝ እጠይቃለሁ፤ ደኅና ናት ይሉኛል። ከልብ የማይናገሩ ይመስለኝ ነበር። ታኅሣሥ ላይ፣ በገበያ ቀን፣ አንድ እቅፍ የሽምብራ እሸት ይዛ ራሷ በራችን ላይ ቆመች። ዘመዶቿ በሰጧት ዘር ያለ በሬ፣ በዶማ ቆፍራ የዘራችው ነው። ቁጭ ብለን እሸቱን እየፈለፈልን ሳለ ድንገት ከአፌ አመለጠኝ።

«ያን ቀን ውሃ ነበረኝ» አልኳት። «የቤቱ እንስራ ሙሉ ነበር። ይቅር በይኝ።»

እጇ ቆመ። ከዚያ መፈልፈሏን ቀጠለች።

«አውቃለሁ» አለች። «እንስራው በበሩ በኩል ይታየኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ምን ልበልሽ? እናቴ ውጪ ነበረች፤ ቆሜ ከምከራከርሽ ሌላ ቤት መሞከር ነበረብኝ።» አንድ ፍሬ ወደ አፏ ወረወረች። «አልረሳሁትም። ረሳሁት ብል እዋሻለሁ፤ አላህም አይወድልኝም። ግን ይኸው መጥቻለሁ አይደል?»

እሸቱን ጨረስን። ስትነሣ ከአማቼ ደጃፍ ቆም ብላ ተሰናበተቻቸው፤ እሳቸውም መረቋት። ከዚያ ወዲህ እኛ ወደ ወልዲያ እስክንዛወር ድረስ በየገበያው ቀን ትመጣ ነበር። አንዳንድ ጊዜ የምታመጣው ነገር አላት፣ አንዳንድ ጊዜ ባዶ እጇን ናት። ገና ከበሩ ስትገባ፣ ምንም ሳንነጋገር፣ ውሃ ቀድቼ እሰጣታለሁ። ጠምቷትም ሳይጠማትም ትጠጣዋለች።